የልጅቷን ስም ሳይሆን ፕሮግራሙን እናርም

በዛሬው የትምህርት ዓምዳችን የምናቀርበው ጽሑፍ ለመምህርነት የምንዘጋጅ ሁሉ ነገ የሚገጥመንን ጉዳይ ይመለከታል። ይኸውም በትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር ላይ የሚጫን የተማሪዎች መዝገብ ፕሮግራም ስንሠራም ሆነ ስንጠቀም የሚያጋጥሙን የተለመዱ ችግሮች ምንድን ናቸው? መፍትሔያቸውስ? የሚለው ነው። የኮምፒዩተር ትምህርት የማትሰጡ አሠልጣኞችና እጩ መምህራንም «ይህ እኛን አይመለከተንም» ብላችሁ እንዳታልፉት አደራ እንላለን። የክፍል ኃላፊ የሆነ መምህር ሁሉ ሮስተር መሥራቱ አይቀርምና።

ነገሩ እንዴት ጀመረ?

ለተግባር ልምምድ የተመደብነው በውቤ በረሃ አካባቢ ከሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ነበር። ሠፈሩ ስሙን ያገኘው ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍሰገድ ነው። በረሃ ይባል እንጂ የሚገኘው በአራዳ እምብርት፣ ከፒያሳ አጠገብ ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በዶሮ ማነቂያ ብዙ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች የከተማው ክፍሎች መዛወራቸው ይታወሳል። ቤተሰብ ሲዛወር ልጅም ይዛወራል፤ ልጅ ሲዛወር ደግሞ የመልቀቂያ ወረቀት ያስፈልጋል። እኛ በደረስንበት ሰሞን የጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ በወላጆች ተጨናንቆ ነበር።

ሥራውን እናቃልላለን ብለን አንድ ፕሮግራም ሠራን። የተማሪው ስም ሲጻፍለት ውጤቱን ከመዝገብ አውጥቶ መልቀቂያውን ያትማል። ሁለት ቀን በደንብ ሠራ። እኛም ደረታችንን ነፋን።

በሦስተኛው ቀን አንዲት እናት መጡ። የልጃቸውን ስም ለምሳሌ ያህል ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ እንበል። ስሙን ጻፍን፤ ፕሮግራሙ «ተማሪዋ አልተገኘችም» አለ። እኛም ፕሮግራሙን አምነን፣ «እትዬ፣ ልጅዎ እዚህ ትምህርት ቤት አልተመዘገበችም» አልናቸው።

«እንዴ! አራት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት የምሸኛት ታዲያ ወዴት ኖሯል?» አሉን።

የመዝገብ ቤቱ አዛውንት ሠራተኛ ምንም ሳይናገሩ ትልቁን ደብተር ከመደርደሪያው አወረዱ። በሌባ ጣታቸው እየቆጠሩ ወርደው፣ «ይቺውና ልጆች» አሉን። እኛ የጻፍነው «ጸሀይ» ብለን ነው። መጀመሪያ ስትመዘገብ የተጻፈው ግን «ፀሐይ» ተብሎ ነው። እናትየው ይህን ሲሰሙ፣ «ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። በየትኛው ጸ እንደሚጻፍ እናንተ የተማራችሁት ተስማሙ» አሉን። ምን መልስ አለን? ያን ቀን ማታ ቁጭ ብለን ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች መረመርነው። ያገኘናቸው ችግሮች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ ችግር፡- የተመዘገበ ስም «የለም» ሲባል

ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው የዩኒኮድ 3.0 ሠንጠረዥ ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጠው። ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736 ነው። በአማርኛ ንግግር ሦስቱም አንድ ድምፅ ናቸው፤ ጆሮም አይለያቸውም። ለኮምፒዩተር ግን ሀ ከሐ የሚለየው ሀ ከመ የሚለየውን ያህል ነው።

እስቲ እንቁጠረው። «ፀሐይ» ሲጻፍ ለመጀመሪያው ሆሄ ሁለት ምርጫ አለ፤ ለሁለተኛው ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ተብሎ ስድስት ምርጫ አለ። 2 × 6 = 12 አጻጻፍ ማለት ነው። «ኃይለ ሥላሴ» ደግሞ ለኃ ስድስት፣ ለሥ ሁለት፣ ለሴ ሁለት ምርጫ አለው። አያይዞ ወይም ለያይቶ መጻፍ ሲጨመርበት 6 × 2 × 2 × 2 = 48 ይሆናል። ሙሉ ስሟ እንግዲህ 12 × 48 = 576 ዓይነት አጻጻፍ ሊኖረው ይችላል! «ኃ/ሥላሴ» እየተባለ በአጭሩ የሚጻፈውን ሳንቆጥር ነው። ፕሮግራማችን ከ576ቱ አንዱን ብቻ ነበር የሚቀበለው።

መፍትሔው እነሆ፡- ለእያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ዓይነት ስም እንያዝ። አንዱ ወላጅ እንዳስመዘገበው ያለው ስም ነው፤ እሱ አይነካም። ሁለተኛው «የመፈለጊያ ስም» ነው፤ ሞክሼ ሆሄያት ሁሉ ወደ አንድ ተመልሰው ይጻፉበታል። ሆሄያቱ በሠንጠረዡ ላይ ቤተሰብ በቤተሰብ ስለ ተደረደሩ ሥራው የመደመርና የመቀነስ ነገር ነው፡-

ሀ) ከሐ እስከ ሖ ካሉት ሆሄያት ቁጥር 16 ሲቀነስ ሀ እስከ ሆ ይሆናሉ።
ለ) ከኀ እስከ ኆ ካሉት 128 ይቀነሳል።
ሐ) ከሠ እስከ ሦ ባሉት ላይ 16 ሲደመር ሰ እስከ ሶ ይሆናሉ።
መ) ከዐ እስከ ዖ ካሉት 48 ሲቀነስ አ እስከ ኦ ይሆናሉ።
ሠ) ከፀ እስከ ፆ ካሉት 8 ሲቀነስ ጸ እስከ ጾ ይሆናሉ።
ረ) በመጨረሻም ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ ይመለሳል፤ በቃላት መካከል ያለው ክፍት ቦታም ይወጣል።

ደንቡ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ላሉት ሰባት ሆሄያት ብቻ እንደሚሠራ ልብ በሉ። ፈላጊው የሚጽፈው ስምም በዚሁ መንገድ ያልፍና ሁለቱ የመፈለጊያ ስሞች ይነጻጸራሉ። ፀ 4928 ነው፤ 8 ሲቀነስ 4920፣ ማለትም ጸ ይሆናል። ሐ 4624 ነው፤ 16 ሲቀነስ 4608፣ ማለትም ሀ ይሆናል። ስለዚህ «ፀሐይ»ም «ጸሃይ»ም «ጸሀይ» ሆነው ይገናኛሉ። እንደ «ኃ/» እና «ገ/» ያሉትን አሕጽሮቶች ደግሞ አስቀድሞ «ኃይለ»፣ «ገብረ» ብሎ መዘርዘር ይገባል። አንድ ፍለጋ ብዙ ተማሪ ካመጣ ፕሮግራሙ ራሱ እንዳይመርጥ! ሁሉንም ይዘርዝር፤ በእናት ስምና በትውልድ ቀን የሚለየው ሰው ይሁን።

ከመካከላችን አንዱ፣ «ታዲያ ለምን ሁለት ስም እንይዛለን? መዝገቡን በሙሉ በአንድ ሀ ጽፈን አንገላገልም ወይ?» ብሎ ነበር። አንገላገልም! በግዕዝ ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ «ወጣ፣ በራ» ማለት ነው፤ ሰረቀ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ግን «ሌባ ሆነ» ማለት ነው። «ሠረቀ ብርሃን» የተባለውን ልጅ ስም እንደ ልባችን ብናርመው ብርሃን ወጣ የተባለውን ብርሃን ሰረቀ አልነው ማለት ነው። ስለሆነም የመፈለጊያው ስም ከፕሮግራሙ ሆድ አይወጣም፤ በካርድም ሆነ በመልቀቂያ ላይ አይታተምም።

ሁለተኛ ችግር፡- ጥቅምት 30 የተወለደ ልጅ

ሌላው ያጋጠመን ይህ ነው። የትውልድ ቀኑን 30/2 ብለን ስናስገባ ፕሮግራሙ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ መለሰን። ከፕሮግራም መሥሪያው ጋር ተዘጋጅቶ የመጣው የቀን ሣጥን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ለእሱ ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ስለሆነ ከ28 ወይም ከ29 አያልፍም። ጳጉሜንማ ጭራሹኑ የለችም፤ አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅምና።

እኛ መጀመሪያ ያደረግነው ምን ነበር? ለማለፍ ያህል 28 ብለን ጻፍን። በጳጉሜን የተወለደችውንም «መስከረም 1» ብለን አሳለፍናት። የልጆቹን ልደት የለወጥነው ለአንድ ሣጥን ስንል ነው። ኋላ የልደት ምስክር ወረቀትና የትምህርት ቤት ወረቀት ሳይገጥም ሲቀር የሚንከራተተው ማን ነው? ልጁ ነው።

መፍትሔው የተዘጋጀውን ሣጥን ትቶ ቀን፣ ወር፣ ዓመት በሦስት ቁጥር መቀበል ነው። መቆጣጠሪያው ደንብ ቀላል ነው። ወር ከ1 እስከ 13፣ ቀን ከ1 እስከ 30 ይሁን። ወሩ 13 ከሆነ ቀኑ ከ5 አይለፍ። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፈው ከሆነ ግን 6 ይፈቀዳል። 2011 እና 2015 እንዲህ ያሉ ዓመታት ነበሩ።

ዕድሜ ለማስላት ወይም ወደ ፈረንጅ ለመመለስ ቀኑን ወደ አንድ ተራ ቁጥር እንለውጠው። ዓመቱን ዓ፣ ወሩን ወ፣ ቀኑን ቀ ብንል፡-

ተራ ቁጥር = 365 × (ዓ − 1) + (ዓ ÷ 4) + 30 × (ወ − 1) + ቀ

ዓ ለ4 ሲካፈል ትርፉ ይጣላል። ለምሳሌ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. 729,635 + 500 + 0 + 1 = 730,136 ይሆናል። በዚህ ላይ 2,795 ሲደመር 732,931 ይመጣል። ይህም ከ1 ዓመት ጃንዋሪ 1 ጀምሮ በፈረንጅ አቆጣጠር ሲቆጠር ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው። 2,795 የማይለወጥ ልዩነት ስለሆነ አንድ ጊዜ ተጽፎ ሁልጊዜ ይሠራል። በሁለት ቀኖች መካከል ስንት ቀን እንዳለ ማወቅም ተራ መቀነስ ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛ ችግር፡- መቶ ያመጣችው ለምን መጨረሻ ወጣች?

የፈተና ውጤት ከፍተኛውን በማስቀደም ሲደረደር 98፣ 9፣ 100 ሆኖ ወጣ። መቶ ያመጣችው ዘጠኝ ካመጣው በታች! ምክንያቱ ውጤቱ የተቀመጠው እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ጽሑፍ መሆኑ ነው። ጽሑፍ የሚደረደረው ከመጀመሪያው ምልክት ተነሥቶ ነው፤ 9 ከ1 ስለሚበልጥ ቀሪው አይታይም። ስለዚህ ከሣጥን የተነበበው ሁሉ ከመደርደሩ በፊት ወደ ቁጥር ይለወጥ።

ከዚህ የባሰው የባዶ ቦታ ነገር ነው። አንድ ልጅ ታሞ ከስምንት ትምህርት አንዱን አልተፈተነም እንበል። በሰባቱ 80፣ 80 አምጥቷል፤ ድምሩ 560 ነው። ፕሮግራሙ ባዶውን ዜሮ ብሎ ለ8 ካካፈለው አማካዩ 70 ይሆናል። «አልተፈተነም» እና «ተፈትኖ ዜሮ አገኘ» አንድ አይደሉም። ባዶ ባዶ ይባል፤ በአማካዩ ቦታ «አልተሟላም» ተብሎ ይታተም፤ ደረጃም አይሰጠው እስኪፈተን ድረስ።

አራተኛ ችግር፡- መብራት ሲሄድ

ፕሮግራሙ መዝገቡን እየጻፈ ሳለ መብራት ቢጠፋ ፋይሉ ግማሹ አዲስ ግማሹ የሌለ ሆኖ ይቀራል። ስለሆነም በነባሩ ፋይል ላይ መጻፍ ክልክል ይሁን። መጀመሪያ በሌላ ስም አዲስ ፋይል ይጻፍ፤ በደንብ ማለቁ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ አዲሱ የነባሩን ስም ይያዝ። መብራቱ በመሐል ቢሄድ ቢያንስ የትናንቱ መዝገብ ደኅና ነው። በየዕለቱ ማታ አንድ ቅጂ በፍላሽ መያዝም አይዘንጋ።

ስሕተት ሲገጥመን ምን እናድርግ?

ከላይ ከዘረዘርነው አንድ ነገር ተምረናል። ፕሮግራምና ሰው ሳይስማሙ ሲቀሩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፕሮግራሙ ይሁን። ሰውየው የነገረንን ቃል በቃል በደብተር እንጻፍ፤ ስሕተቱን ራሳችን ደግመን እናምጣው፤ ከዚያም በትንሿ ምሳሌ እንሞክረው። ስናርም አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ። ካረምን በኋላ ቀድሞ ይሠሩ የነበሩትንም መልሰን እንፈትሽ። ያቺ የፀሐይ ስም ዛሬም በሙከራ ዝርዝራችን አንደኛ ናት።

እናትየው መልቀቂያውን ያገኙት በዚያኑ ቀን በእጅ ተጽፎ ነው። ደብተሩ ባይኖርስ ኖሮ? የአራት ዓመት ትምህርት በአንድ ሆሄ ምክንያት ጠፋ ማለት ነበር። ለዚህ ነው የወረቀቱ ደብተር ፕሮግራሙ እስኪታመን ድረስ ከመደርደሪያው አይውረድ የምንለው።

መልመጃ

1. «ዓለሙ ኀይሌ» የሚለው ስም የመፈለጊያ ስሙ ምን ይሆናል?
2. ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ዓ.ም. የሚል የትውልድ ቀን ቢመጣላችሁ ትቀበላላችሁ? ለምን?
3. 85፣ 9 እና 100 እንደ ጽሑፍ ከከፍተኛው ጀምረው ቢደረደሩ ቅደም ተከተላቸው ምን ይመስላል?

መልሳችሁን ከጋዜጣው ሥር በተሰቀለው ሣጥን ውስጥ ክተቱልን። በሚቀጥለው እትም ከማብራሪያ ጋር ይዘን እንቀርባለን። በልምምድ ላይ ሌላ ችግር የገጠማችሁም ብትኖሩ ጽፋችሁ አምጡልን፤ አብረን እንፈታዋለን። እስከዚያው ደኅና ሰንብቱ!