700 ዘፈን በ4 ጊጋ ሚሞሪ

አባቴ ስማርት ስልክ አይወድም። ባለ ቁልፏን ስልኩን ግን አንዴ ቻርጅ ከተደረገች ቀናት ስለምትቆይ፣ ድምፅዋም ከቤት እስከ ደጅ ስለሚሰማ ከእጁ አያወጣትም። የገና ሰሞን የ4 ጊጋ ሚሞሪዋን ነቅሎ ሰጠኝና «ዘፈን ሙላልኝ፣ በገናም እንዳትረሳ» አለኝ። ኮምፒውተሬ ላይ ያጠራቀምኩት ተደምሮ 11 ጊጋ ሆነ። ከ11 ወደ 4 የወረድኩበትን መንገድ እነሆ።

መጀመሪያ ዚፕን ከሐሳብዎ ያውጡ። ኤምፒ3 ራሱ የተጨመቀ ፋይል ስለሆነ ዚፕ ቢያደርጉት የሚቀንሰው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ስልኩም ዚፕ አያጫውትም። መጠኑን የሚወስነው ቢትሬት ነው፤ ለአንድ ሰከንድ ድምፅ የሚመደበው የመረጃ መጠን ማለት ነው። በ128 ኪሎቢት የተቀዳ ዘፈን በደቂቃ 128 ሲባዛ በ60፣ ሲካፈል ለ8፣ 960 ኪሎባይት ይወስዳል። ባጭሩ «128 ማለት በደቂቃ አንድ ሜጋ» ብለው ይያዙ፤ ሌላው በጭንቅላት ይሰላል። 64 ግማሹ ነው፣ 320 ደግሞ ሁለት ተኩል እጥፉ። የአምስት ደቂቃ ዘፈን በ320 ወደ 12 ሜጋ፣ በ128 ከ5 ሜጋ በታች፣ በ64 ደግሞ 2.4 ሜጋ ይሆናል። ከሲዲ በዌቭ የተገለበጠ ከሆነ ግን ያው ዘፈን 53 ሜጋ ይበላል።

የ4 ጊጋ ሚሞሪ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ 3.7 ገደማ ያሳያል። አልተታለሉም፤ ፋብሪካው የሚቆጥረው በ1,000፣ ኮምፒውተሩ በ1,024 ስለሆነ ነው። ትንሽ ትርፍ ቦታ ትቼ 3,500 ሜጋ ላይ ሳሰላው በ320 ቢሆን 290 ዘፈን፣ በ128 ከ700 በላይ፣ በ64 ከ1,400 በላይ ይገባል። (የእውነት መታለልም አለ። አንዴ «64 ጊጋ» ተብሎ የተሸጠልኝ ሚሞሪ ከ8 ጊጋ በኋላ የጫንኩትን ሁሉ እየዋጠ ዝም ብሎ ነበር፤ ስሞቹ ይታያሉ፣ ዘፈኑ ግን አይከፈትም። አዲስ ሚሞሪ ሲገዙ ዘፈን ከመጫንዎ በፊት ኤችቱቴስትደብሊው በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይፈትሹት።)

አሁን ወደ ሥራው። ከመጨመቅ በፊት ማራገፍ ይቀድማል። ፎልደሩን በመጠን ደርድረው ከላይ ያሉትን ይመልከቱ። እኔ ጋ ከላይ የተቀመጡት ዘፈኖች ሳይሆኑ ክሊፖች ነበሩ፤ አንዱ ብቻ 60 ሜጋ። አባቴ ክሊፕ አያይም፤ ስለዚህ ድምፃቸውን ብቻ ማውጣት በቂ ነው፣ አሠራሩም ከታች ካለው ጋር አንድ ነው። ቀጥሎ ድግግሞሽ ይፈልጉ። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዞር የኖረ ዘፈን በሦስት ስም ሦስት ጊዜ ይገኛል። ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ፋይሉ ውስጥ የተለጠፈው የአልበም ሥዕል ነው። ግማሽ ሜጋ የሚመዝን ሥዕል በ500 ዘፈን ውስጥ ካለ 250 ሜጋ በከንቱ ሄደ ማለት ነው። ኤምፒ3ታግ የሚባለው ፕሮግራም ሁሉንም ባንዴ ያነሳቸዋል። እኔ በዚህ ማራገፍ ብቻ ከ11 ወደ 8 ጊጋ ወርጃለሁ።

ከዚያ የተረፉትን ባሉበት ቢትሬት ይለዩ። ፋይሉን በቀኝ ክሊክ ነክተው «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ዲቴይልስ» ውስጥ ቁጥሩ ተጽፏል። ከስብከትና ከትረካ በቀር 128 ወይም ከዚያ በታች የሆነውን አይንኩት። የኤምፒ3 ጭመቃ ከድምፁ ላይ ቆርጦ የሚጥል ነው፤ የተጣለው ደግሞ አይመለስም። ነገሩ እንደ ቡና ነው፤ ከዋናው ቅጂ የተጨመቀው አቦል፣ ከተጨመቀው ላይ ደግሞ የተጨመቀው ቶና፣ ሦስተኛው በረካ። ከፍላሽ የምናገኘው ብዙ ዘፈን ሳናውቀው በረካ ላይ ደርሷል። 128 የነበረውን ወደ 320 ማሳደግም ውሃ መጨመር ነው፤ ፋይሉ ይወፍራል፣ ጣዕሙ አይመለስም። ስለዚህ ሁልጊዜ ካለዎት ምርጥ ቅጂ ይነሱ፤ ዋናውንም አይደምስሱት።

ለሁሉም አንድ ቁጥር መምረጥ የተለመደ ስህተት ነው። እኔ አራት ፎልደር ከፈትኩ። የባለ ቁልፏ ስልክ ድምፅ ማጉያ አንድ ብቻ ስለሆነ ስቴሪዮ እዚያ ላይ ትርጉም የለውም፤ ሞኖ ሲደረግ አንድ መስመር ብቻ ስለሚቀረጽ በግማሽ ቢትሬት ተቀራራቢ ጥራት ይገኛል። ስብከትና ትረካ በሞኖ 48 በደንብ ይሰማል፤ የአንድ ሰዓት ስብከት ከ58 ሜጋ ወደ 22 ሜጋ ይወርዳል። ከካሴት የተገለበጡትን የድሮ ዘፈኖች በሞኖ 64 አደረግኳቸው። የዘመኑን ዘፈኖች እኅቴ በጆሮ ማዳመጫ ስለምትሰማቸው በስቴሪዮ 128 ተውኳቸው።

ያስቸገረኝ በገናው ነው። በገና አሥር አውታር አለው፤ ያ የሚነዝረው ድምፅ የሚመጣው በአውታሩና አውታሩ በሚያርፍበት በርኩማ መካከል ከምትገባው እንዝራ ከምትባለው ቁራጭ ቆዳ ነው። ቢትሬት ሲወርድ መጀመሪያ የሚቆረጠው ደግሞ ቀጭኑ የላይኛው ድምፅ ነው፤ የእንዝራዋ ንዝረት በዚያ የተሞላ ነው። የበገና ደርዳሪውን የዓለሙ አጋን በገና ለሙከራ በሞኖ 48 ሳደርገው ዘይት ላይ የሚንጫጫ ሽንኩርት መሰለ። 64 ላይ ተሻለ፣ 96 ላይ ራሱን ሆነ። በገናና መሰንቆ ላይ አይቆጥቡ፤ ከስብከቱ የተረፈውን ቦታ ለእነሱ ይስጡ።

ስለዚህ መቶ ፋይል ከመቀየርዎ በፊት አንዱን ይሞክሩ፤ የሚሞክሩትም አጃቢ የበዛበት አይሁን። ኤምፒ3 ብዙ የሚቆጥበው ጎልቶ የሚሰማ ድምፅ አጠገቡ ያለውን ደካማ ድምፅ ከጆሯችን ስለሚሸፍን ነው፤ የተሸፈነውን ይጥላል። ባንድ ሲጮህ መሸፈኛ ሞልቷል፤ ብቻውን የሚዘፍን ሰው ግን መሸፈኛ የለውም። በዚህ ኤምፒ3ን የፈለሰፉት ሰዎች ራሳቸውም ተቸግረዋል፤ ጀርመናዊው ካርልሃይንዝ ብራንደንበርግ ሥራውን ሲፈትሽ የሱዛን ቬጋን ያለ ሙዚቃ መሣሪያ የተዘፈነ «ቶምስ ዳይነር» ቢያስገባ ተበላሽቶበት፣ ያን ዘፈን ደጋግሞ እየሰማ ነው ያስተካከለው። የእርስዎ መፈተኛ በገና ወይም የአንድ ሰው ዜማ ይሁን፤ የሚሰሙትም በኮምፒውተሩ ድምፅ ማጉያ ሳይሆን በዚያችው ስልክ ነው።

ለመቀየሪያ አብዛኛው ሰው ጋ ያለው ቪኤልሲ ይበቃል። ይክፈቱትና «ሚዲያ» ውስጥ «ኮንቨርት/ሴቭ»ን ይምረጡ፤ ኮንትሮልንና «አር»ን አብሮ መጫንም ያው ነው። «አድ» ብለው የአንዱን ፎልደር ዘፈኖች ባንዴ ያስገቡ፤ ከታች ያለውን «ኮንቨርት/ሴቭ» ይጫኑ። «ፕሮፋይል» ከሚለው «ኦዲዮ - ኤምፒ3»ን ይምረጡና አጠገቡ ያለችውን የመፍቻ ምልክት ይንኩ። «ኦዲዮ ኮዴክ» በሚለው ገጽ ቢትሬቱን ይጻፉ፤ «ቻነልስ» ለሞኖ 1፣ ለስቴሪዮ 2 ይሁን፤ «ሴቭ» ይበሉ። ክሊፕም ቢሆን በዚሁ መንገድ ድምፁ ብቻ ይወጣል።

እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። ብዙ ፋይል ባንዴ ሲያስገቡ ቪኤልሲ አዲሶቹን የሚያስቀምጠው ከዋናዎቹ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ፣ በተመሳሳይ ስም ነው። በስሙ መጨረሻ ላይ «ኮንቨርትድ» የሚል ቃል እንዲጨምር የምታዝዘውን ትንሽ ሳጥን ምልክት ያድርጉባት፤ አለበለዚያ ዋናው ፋይል አደጋ ላይ ነው። «ስታርት» ካሉ በኋላ ቡና ማፍላት ይችላሉ፤ 700 ዘፈን የደቂቃ ሥራ አይደለም። ሲያልቅ ያን ቃል ፎልደሩ ውስጥ ፈልገው አዲሶቹን ብቻ ወደ ሌላ ፎልደር ይቁረጧቸው። በቅየራው የዘፋኙ ስምና የመሳሰለው የውስጥ መረጃ ሊጠፋ ስለሚችል ዘፋኙን በፋይሉ ስም ላይ ይጻፉት።

ስማርት ስልክ ላለው ሰው ከኤምፒ3 ይልቅ ኤኤሲ ወይም ኦፐስ የሚባሉት የጭመቃ ዓይነቶች ባነሰ ቢትሬት የተሻለ ድምፅ ይሰጣሉ። ለባለ ቁልፍ ስልክ ግን ኤምፒ3 ላይ መርጋት ነው የሚያዋጣው።

መጫኑም ራሱን የቻለ ነገር አለው። ሚሞሪው ላይ የቆየ ኮተት ካለ፣ የሚፈለገውን አውጥተው በፋት32 ፎርማት ያድርጉት። ብዙ ባለ ቁልፍ ስልኮች ዘፈኖቹን የሚደረድሩት በፊደል ሳይሆን በተጫኑበት ቅደም ተከተል ነው፤ ስለዚህ ፎልደሮቹን ባንዴ ሳይሆን መጀመሪያ እንዲመጣ ከሚፈልጉት ጀምረው አንድ በአንድ ይጫኑ። ኮፒው ሲያልቅ «ኢጀክት» ሳይሉ ሚሞሪውን አይንቀሉ።

የቀረው የፊደል ጉዳይ ነው። አንዳንድ ስልኮች የአማርኛ ፊደል ስለማያውቁ ስሙን በባዶ ሳጥኖች ይሞሉታል፤ የአባቴም እንደዚያ ናት። ከስሞቹ ፊት ቁጥር ጨመርኩና ዝርዝሩን በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። ወረቀቷን የት እንዳደረሳት አላውቅም፤ አሁን ሲደውል «ያቺ 17 ቁጥር በገና ማን ነው የደረደራት?» ይለኛል።