የዝናብ ደብተር

በነቀምት ገበያ ሁለት ገበሬዎች ሲገናኙ ሰላምታው ሳያልቅ ወሬው ወደ ዝናብ ይዞራል። አንደኛው «ኧረ ወንድሜ፣ የዘንድሮው ክረምት እንደ ድሮው አይደለም፤ ዘመኑ ተለውጧል» ይላል። ሌላው «ምኑ ተለወጠ? ዝናብ እንደሆነ ድሮም ይመጣል፣ ድሮም ይቀራል፤ ደግሞም ተመልሶ ይመጣል» ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ አይቆረጥም። በዓለም ትልልቅ አዳራሾች የሚደረገው የአየር ንብረት ክርክርም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ሁለቱ ገበሬዎች የሚከራከሩት ግን ከትዝታ ነው። ትዝታ ደግሞ ያታልላል። ክፉ ዓመት አይረሳም፤ መካከለኛውን ዓመት ግን የሚያስታውስ የለም። ከ5 ዓመት በፊት በግንቦት ወር ስንት ቀን ዘነበ? ብንባል ማናችን እንመልሳለን? እንግዲህ በዚህ ትምህርት ዝናባችን ከየት እንደሚመጣ፣ እየዞረ የሚመለሰው ነገር የቱ እንደሆነ፣ የማይመለሰውስ የቱ እንደሆነ እናያለን። ከዚያም ማንበብና መጻፍ የቻለ ገበሬ ነገሩን በገዛ ማሳው ላይ እንዴት እንደሚፈትሽ እንማራለን።

የወለጋ ዝናብ ከየት ይመጣል?

የወለጋ ገበሬ ዓመቱን በኦሮምኛ ለአራት ይከፍለዋል። አርፋሳ መሬት የሚታረስበትና የመጀመሪያው ዝናብ የሚጥልበት ነው። ቀጥሎ ገና ይመጣል፤ ይህ ዋናው ክረምት ነው፤ ከልደት በዓል ጋር አይምታታባችሁ። ከዚያ ቢራ ይሆናል፤ ሰማዩ ይጠራል፣ ሜዳው ያብባል፣ ሕዝቡም ለኢሬቻ ይወጣል። መጨረሻው ቦና፣ ማለት በጋው ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠርም ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል። ቋንቋው ይለያይ እንጂ ሁሉም የሚናገሩት ስለ አንድ ዙር ነው።

ዙሩን የምታዞረው ፀሐይ ናት። ከመጋቢት በኋላ ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ምድሪቱም ትሞቃለች፤ የሞቀውም አየር ወደ ላይ ይወጣል። በቦታው ከሩቅ ውቅያኖስ እርጥብ ነፋስ ይገባል። ወደ ወለጋ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ በአብዛኛው ከደቡብ ምዕራብ የሚነሳ ነው፤ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነስቶ በኮንጎ ደን ላይ ያልፋል። ከሕንድ ውቅያኖስም የሚመጣ አለ። ይህ ነፋስ ደጋችን ላይ ሲደርስ ሽቅብ ይወጣና ይቀዘቅዛል። የሚፈላ ድስት ክዳኑ ሲነሳ ውሃ የሚያንጠባጥበው እንፋሎቱ በክዳኑ ላይ ቀዝቅዞ ስለሆነ ነው። ዝናብም እንዲሁ ነው።

እንግዲህ ወለጋ የነፋሱ መግቢያ በር ነው ማለት ይቻላል። ዝናቡ ቀድሞ ይገባል፣ ዘግይቶ ይወጣል። ወደ ሰሜን ምሥራቅ በሄዳችሁ ቁጥር ግን ክረምቱ እያጠረ ይሄዳል። በነቀምት በዓመት ወደ 2,000 ሚሊሜትር ዝናብ ይወርዳል። ይህም ማለት የዓመቱ ዝናብ ሳይሰርግና ሳይፈስ በማሳው ላይ ቢጠራቀም ጥልቀቱ 2 ሜትር፣ ከረጅም ሰው ቁመት በላይ ይሆናል። በመቀሌ ግን ወደ 600 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ከጉልበት ብዙም አያልፍም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አገር ሲሰፍር፣ ብዙውም ሳይወድ፣ ወለጋ ከተመረጡት ቦታዎች ዋናው የሆነው በዚህ ዝናብ ምክንያት ነበር።

እየዞረ የሚመለሰው

የዴዴሳና የአንገር ውሃ ወዴት ይሄዳል? ወደ አባይ። አባይም በሱዳን አልፎ ግብጽ ይወርዳል። በግብጽ ዋና ከተማ በካይሮ፣ ሮዳ በምትባል ደሴት ላይ፣ እንደ ማስመሪያ ምልክት የተደረገበት የድንጋይ ዓምድ አለ። ግብጾች ወንዙ በየዓመቱ ስንት ክንድ እንደሞላ ከ1,000 ዓመት በላይ ሲለኩና ሲጽፉ ኖረዋል። የወንዙ ሙላት የሚመጣው ደግሞ ከእኛ ክረምት ነው። እኛ ያልጻፍነውን የአባቶቻችንን ክረምት በሩቅ አገር ያሉ ሰዎች ጽፈውልናል ማለት ነው! ነገሩ ይገርማል።

ሐሮልድ ኸርስት የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በግብጽ ረጅም ዘመን ሲሠራ ይህንና ሌሎችንም መዝገቦች ቆጠረ። በ1951 እ.ኤ.አ. ያወጣው ግኝት እንዲህ የሚል ነው፤ ጥሩ ዓመት ጥሩ ዓመትን ያስከትላል፣ ክፉ ዓመትም ክፉን ያስከትላል፤ ዓመታቱ ተቧድነው ይመጣሉ። ግን ቡድኑ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ቁርጥ ያለ ቁጥር የለውም። በኋላ ሌላ ሊቅ ይህን ጠባይ በዮሴፍ ስም ጠራው። ፈርዖን በሕልሙ ሰባት የሰቡ ላሞችና ሰባት የከሱ ላሞች ያየበትን፣ ዮሴፍም የፈታለትን ታሪክ ታውቁታላችሁ። በተፈጥሮ ግን ቁጥሩ አንዳንዴ ሦስት፣ አንዳንዴ አሥር ይሆናል። «በየሰባት ዓመቱ ድርቅ አለ» ብሎ ቀን ቆጥሮ የሚያስፈራራችሁን ሰው አትመኑት።

ሌላው የሚመለስ ነገር ኤል ኒኞ ነው። ይህ ስም የመጣው ደቡብ አሜሪካ ካለችው ከፔሩ አሣ አጥማጆች ነው፤ ትርጉሙ «ሕፃኑ» ማለት ነው፤ በልደት ሰሞን ስለሚታይ ነው። በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ያለው ውሃ ከመጠን በላይ የሚሞቅበት ጊዜ አለ። ከ2 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ አንድ ጊዜ ይመጣል። ይህ ሲሆን የዓለም ነፋስ መንገዱን ይለውጣል፤ የእኛም ክረምት ይደክማል። በ1964ቱ ክረምት እንዲህ ሆነ፤ የወሎ ረሃብም ተከተለ። በ2007ቱ ክረምት ደግሞ እጅግ የበረታ ኤል ኒኞ መጥቶ በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈለገ። ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ሰሜኑና ምሥራቁ ነው። የኤል ኒኞ ተቃራኒ ላ ኒኛ ይባላል፤ ውቅያኖሱ ሲቀዘቅዝ የእኛ ክረምት ይበረታል።

ይሁን እንጂ ድርቅ ሁሉ የኤል ኒኞ አይደለም። የ1976ቱ ክረምት እጅግ ደረቅ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ኤል ኒኞ አልነበረም። ድርቅና ረሃብም አንድ አይደሉም። ዝናብ ሲቀር ድርቅ ነው፤ ጎተራው ባዶ ሆኖ፣ መንገዱ ተዘግቶ፣ የሚመለከተው አካል ነገሩን ሲደብቅ ነው ረሃብ የሚሆነው።

የማይመለሰው

አሁን ወደ መጀመሪያው ገበሬ እንሂድ። «ዘመኑ ተለውጧል» ሲል ሐሰት ነው ወይ? አይደለም።

በአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል የማይታይ ጋዝ አለ። ምድርን እንደ ጋቢ ይሸፍናታል። ጋቢ እሳት የለውም፤ የሰውነታችሁን ሙቀት እንዳይወጣ ይይዛል እንጂ። የዛሬ 200 ዓመት ከ10,000 እጅ አየር ውስጥ ይህ ጋዝ 3 እጅ ያህል እንኳ አይሞላም ነበር። ፋብሪካው፣ መኪናው፣ አውሮፕላኑ የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ እያነደደ ዛሬ ከ4 እጅ በላይ አድርሶታል። ጋቢው ወፈረ። የዓለም ሙቀትም ከ1 ዲግሪ በላይ ጨመረ።

«ይህም የተፈጥሮ ዙር ቢሆንስ?» የሚሉ ሰዎች አሉ። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱም ተለክቷል። የፀሐይ ብርታት ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሰማይ በሳተላይት ሲለካ ኖሯል፤ አልጨመረም። ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል የወጣው ካርቦን ደግሞ ከሌላው የሚለይበት ምልክት አለው፤ ምልክቱም በአየር ውስጥ ተገኝቷል። ሌላም ምስክር አለ። የምትበረታው ፀሐይ ብትሆን ኖሮ ቀኑ ከሌሊቱ ይልቅ በሞቀ ነበር። የሆነው ግን በብዙ ቦታ ሌሊቱ ከቀኑ የበለጠ መሞቁ ነው። በአገራችንም ብርዳማ ሌሊት እየቀነሰ መጥቷል። ጋቢ ጎልቶ የሚታወቀው በሌሊት አይደል?

ታዲያ ሁለቱም ገበሬዎች እውነት አላቸው ማለት ነው። ከዴዴሳ ሸለቆ ወደ ነቀምት የሚወጣውን መንገድ አስቡ። መኪናው አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ተመልሶም ያን ወንዝ ያያል። ሆኖም በታጠፈ ቁጥር ከፍ ብሏል። ክረምትና በጋ፣ ኤል ኒኞና ላ ኒኛ መታጠፊያዎቹ ናቸው። ሙቀቱ ግን ሽቅብ ይሄዳል።

የዝናቡ ነገር እንደ ሙቀቱ ግልጽ አይደለም። የዓመቱ ድምር ከቦታ ቦታ፣ ከዓመት ዓመት ይዋዥቃል። ግን አየር 1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ከ100 እጅ 7 እጅ ያህል ተጨማሪ እርጥበት መያዝ ይችላል። ስለዚህ ሲዘንብ አፈር ጠርጎ የሚሄድ ዶፍ ይሆናል፤ ሲያቋርጥ ደግሞ መሬቱ ቶሎ ይደርቃል። «ደን ስለተቆረጠ ነው» የሚለውም ከፊል እውነት ነው። ዛፍ አፈርን ይይዛል፣ ምንጭ ያቆያል፣ ጥላም ይሰጣል። ዋናው የክረምት ዝናብ ግን ከውቅያኖስ ነውና የመንደራችን ዛፍ ብቻውን አያመጣውም፣ ብቻውንም አያስቀረውም። ከዓለም ካርቦን ውስጥ የአፍሪካ ድርሻ ከ100 እጅ 4 ያህል ብቻ መሆኑንም ልብ በሉ። ጋቢውን ያወፈረው የወለጋ ገበሬ አይደለም፤ ማሳው ላይ ሲደርስበት ግን ለእሱ አይቀርለትም።

ኮምፒዩተር ዝናብ ያዝዛል ወይ?

በከተማ የሚኖር ልጅ ካላችሁ በስልኩ ወይም በፕሌይስቴሽን ቤት የሚጫወተውን ጌም አይታችሁ ይሆናል። በኳሱ ጨዋታ ገና ሳይጀመር «ዝናብ ይሁን» ወይም «ፀሐይ ይሁን» ብሎ ይመርጣል፤ በጣቱ ሲጫን ይዘንባል። የአየር ትንበያም የሚሠራው በኮምፒዩተር ነው። ስለዚህ ትንበያው ሳይሰምር ሲቀር «ዋሹን» የሚል ሰው አይጠፋም። ግን የትንበያው ኮምፒዩተር አያዝዝም፤ ያሰላል። በየጣቢያው የተለካውን ሙቀት፣ ነፋስና ዝናብ ይቀበልና «ዛሬ እንዲህ ከሆነ ነገ ምናልባት እንዲህ ይሆናል» ይላል። ያልተለካ ነገር ካለ ስሌቱም ይጎድላል።

በአገራችን ይህን ሥራ የሚሠራው የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ክረምት ሳይገባ የሚሰጠውን ትንበያ በሬዲዮ ስትሰሙ እንደ ዕድል ቁጥር ስሙት። ለምሳሌ «ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ ከ100 እጅ 45» ቢባል፣ ቀሪው 55 እጅ መደበኛ ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ትንበያው ስለ ሰፊ አገር ነው እንጂ ስለ እናንተ ማሳ አይናገርም። የማሳችሁን ራሳችሁ መለካት አለባችሁ።

የዝናብ መለኪያና ደብተር

አፉና ቂጡ እኩል ስፋት ያለው ቆርቆሮ ፈልጉ። ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ግንድ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ እሰሩት። ከቤትና ከዛፍ አርቁት፤ ዛፉ 5 ሜትር ቢረዝም ቆርቆሮው ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ። በየቀኑ ጠዋት በ3 ሰዓት የልጃችሁን ማስመሪያ ከትታችሁ የውሃውን ጥልቀት በሚሊሜትር አንብቡ፤ ጻፉ፤ ውሃውን ድፉ። ያልዘነበ ዕለትም 0 ብላችሁ ጻፉ። ባዶ መተው ግን ክልክል ነው፤ በኋላ «አልዘነበም ወይስ ረሳሁ?» ያሰኛል። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው።

ይህ ለምን ይጠቅማል? በቆሎ አስቡ። በሚያዝያ አንድ ጥሩ ዝናብ ይጥላል። ጎረቤት ሁሉ ይዘራል። ከዚያ ሁለት ሳምንት ዝር አይልም። የበቀለው ይደርቃል፤ የተረፈውን ምስጥ ይጨርሰዋል፤ የነጆና የመንዲ ሰው ምስጡን በደንብ ያውቀዋል። ዘር እንደገና ይገዛል፤ ብድር ይገባል። የሚቲዎሮሎጂ ሰዎች ዝናብ ገባ የሚሉት ብዙውን ጊዜ በተከታታይ 3 ቀን ውስጥ 20 ሚሊሜትር ሲሞላና በሚቀጥለው 30 ቀን ውስጥ ረጅም የደረቅ ጊዜ ሳይኖር ሲቀር ነው። የፊቱን 30 ቀን ማንም አያውቅም። ያለፉትን ዓመታት የጻፈ ሰው ግን በሚያዝያ አጋማሽ ስንት ጊዜ እንደተሸወደ፣ በግንቦት መጀመሪያስ ስንት ጊዜ እንደቀናው ከደብተሩ ይቆጥራል።

የዘር ምርጫም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በባኮ የምርምር ማዕከል ከወጡት የበቆሎ ዝርያዎች ቢኤች 660 ለመድረስ ወደ 160 ቀን ይፈልጋል፤ ቢኤች 540 ደግሞ ወደ 145 ቀን። ዝናቡ በ15 ቀን ከዘገየ የትኛውን ትዘራላችሁ? ደብተሩን ይዛችሁ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን አማክሩ። ከወዲያኛው ቀበሌ የሚጽፍ ሰው ካለም ደብተራችሁን አስተያዩ፤ ኮረብታ ለይቶ መዝነቡን ያኔ ታያላችሁ።

መልመጃ

አንድ ገበሬ በአንድ ሳምንት እንዲህ ጻፈ። ሰኞ 12፣ ማክሰኞ 0፣ ረቡዕ 7፣ ሐሙስ 0፣ ዓርብ 25፣ ቅዳሜ 3፣ እሑድ 0 ሚሊሜትር።

ሀ. የሳምንቱ ዝናብ በድምሩ ስንት ነው? ስንት ቀን ዘነበ?

ለ. በተከታታይ 3 ቀን ውስጥ መጀመሪያ 20 ሚሊሜትር የሞላው ከየትኛው ዕለት እስከ የትኛው ዕለት ነው? ከሰኞ እስከ ረቡዕ ያለው ለምን አልበቃም?

ሐ. ዓርብ ዕለት በሩብ ሄክታር ማሳ ላይ፣ ማለት በ2,500 ካሬ ሜትር ላይ፣ ስንት ሊትር ውሃ ወረደ?

መልስ፦ ሀ. 47 ሚሊሜትር፤ 4 ቀን። ለ. ከረቡዕ እስከ ዓርብ፣ 32 ሚሊሜትር፤ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ያለው 19 ብቻ ስለሆነ አልሞላም። ሐ. 62,500 ሊትር።