ሴንሰሩ 1970 ላይ ሲነቃ

ካሊፎርኒያ፣ ኮንኮርድ ውስጥ ነፋስ በበረታበት ቀን እሳት እንዳይነሳ ተብሎ መብራት ሊቋረጥ ይችላል። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይህ ብርቅ አይደለም። መብራቱ ሲመለስ ግን በየጣሪያውና በየማቀዝቀዣ ክፍሉ የተሰቀሉት ትንንሽ መሣሪያዎች አብረው ይነቃሉ፤ የሰዓት ባትሪ የሌላቸው ብዙዎቹም ዘመኑ 1970 ይመስላቸዋል። ኤምቲኤልኤስ አስገቡ የተባላችሁ ባለሙያዎች ከዚህ ብትጀምሩ ይሻላል።

በተለመደው ቲኤልኤስ መታወቂያ የሚያሳየው ሰርቨሩ ብቻ ነው። በኤምቲኤልኤስ መሣሪያውም የራሱን ያወጣል። መታወቂያው ሰርተፊኬት ነው፤ ማኅተም የሚመታበት ቀበሌ ደግሞ ሲኤ ይባላል። ለመሣሪያዎቻችሁ የራሳችሁን ሲኤ አቋቁሙ። ሌትስ ኤንክሪፕት ለድረ ገጽ ድንቅ ነው፤ ለዚህ ግን አይሆንም። የዋናው ሲኤ፣ ማለትም የሩቱ፣ ቁልፍ ከኔትወርክ ተነጥሎ ይቀመጥ፤ የዕለቱን ፊርማ መካከለኛው ሲኤ ይሥራ። መካከለኛው ቢሰረቅ ይሻራል፤ ሩቱ ቢሰረቅ ግን የተበተነውን መሣሪያ ሁሉ እየዞሩ መልቀም ነው።

ቁልፉ እዚያው መሣሪያው ውስጥ ይወለድ፤ ወደ እናንተ የሚመጣው የፊርማ ማመልከቻው ብቻ ይሁን። ፒ-256 ይበቃል፤ አርኤስኤ 2048 ትንሽ ፕሮሰሰርን ያንገላታል። አንዱን ቁልፍ ለሺህ መሣሪያ መገልበጥ ፋብሪካ ላይ ጊዜ ይቆጥባል። ነገር ግን አንዱን ፈትቶ ፍላሹን ያነበበ ሌባ የሺሁን መታወቂያ ያዘ ማለት ነው። ከ2020 ጀምሮ የሚሠራው የካሊፎርኒያው ኤስቢ 327 ሕግም ለሁሉም መሣሪያ አንድ ዓይነት የፋብሪካ ይለፍ ቃል ሰጥቶ፣ ተጠቃሚው ሳይቀይረው እንዲሠራ አድርጎ መሸጥን የሚቃወመው በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ። 1970 ላይ የነቃ መሣሪያ የሰርቨሩን ሰርተፊኬት አይቶ «ገና አልጀመረም» ብሎ ይመልሰዋል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው መፍትሔ የቀን ፍተሻውን ማጥፋት ነው፤ አታድርጉት። መሣሪያው የመጨረሻውን የታወቀ ሰዓት ፍላሽ ላይ ይጻፍ፤ ሲነቃ ከዚያ ይቀጥል፤ ኤንቲፒ የሚነግረው ሰዓት ከዚያ ወደ ኋላ ከሆነ አይመን። ለአዲሱ መሣሪያ ደግሞ ሶፍትዌሩ የተሠራበት ቀን መነሻ ይሁነው። የሰርተፊኬቱ ጊዜ የሚጻፈው በዩቲሲ ነው። ኮንኮርድ ከዩቲሲ 7 ወይም 8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች፣ የአካባቢውን ሰዓት ዩቲሲ ነው ብሎ የሚይዝ መሣሪያ ዛሬ የተፈረመን የሰርቨር ሰርተፊኬት እስከ ማታ አይቀበልም። የሰርተፊኬቱን መጀመሪያ ቀን በአንድ ቀን ወደ ኋላ መጻፍ ከዚህ ያድናል። አዲስ አበባ የሚላክ መሣሪያ ካላችሁማ ሰዓቱን በእጅ የሚሞላውን ሰው አስቡት፦ በእኛ አቆጣጠር 2018 ብሎ ከሞላው፣ መሣሪያው ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ።

የልደት ሰርተፊኬትና መታወቂያም ይለዩ። ፋብሪካ ላይ የሚሰጠው ረጅም ዕድሜ ይኑረው፤ ለሥራ የሚያገለግለው አጭር ሆኖ በራሱ ይታደስ።

ሰርቨሩ «ካመጣህ አያለሁ» ሳይሆን «ካላመጣህ አትገባም» እንዲል መዋቀሩን የምታውቁት ያለ ሰርተፊኬት፣ ቀጥሎም በሌላ ሲኤ ሰርተፊኬት ለመግባት ስትሞክሩ ነው። እድሳቱን ለመፈተሽ አንዱን መሣሪያ የአንድ ሰዓት ዕድሜ ባለው ሰርተፊኬት አስነሱና ምሳ ብሉ። ስትመለሱ ግንኙነቱን አቋርጣችሁ እንደገና አገናኙት፤ ቀድሞ የተከፈተ መስመር ሰርተፊኬቱ ካለፈበትም በኋላ ክፍት ሆኖ ሊቆይ ይችላልና።