ቤት ከመያዝ በፊት ሰፈሩን መመዘን



በዚህ እትም የትምህርት ዓምዳችን የምናነሣው ስለ ቤት ነው፤ ይልቁንም ቤቱ ስለ ቆመበት ሰፈር። በካርቱም በሰው ቤት ተቀጥረው፣ ሻይ ሸጠው ወይም በግንበኝነት ሠርተው ጥቂት ገንዘብ የቋጠሩ ወገኖቻችን፣ ሁለትና ሦስት ቤተሰብ ሆነው በማዋጣት ከከተማው ዳር አንዲት ግቢ ለመያዝ ማሰባቸው የቆየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ሲቀሰቀስ ብዙዎች ከዴም፣ ከጀሪፍና ከሰሓፋ የያዙትን ጥለው ወደ ገዳሪፍ፣ ወደ መተማና ወደ ሌላም ስፍራ ወጥተዋል። የሱዳን ጦር እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ከተማዋን መልሶ ከያዘ በኋላ ደግሞ መመለስን የሚያስቡ አሉ። ባለቤቱ ወደ ግብፅ የሄደ ቤት በዝቅተኛ ዋጋ ተገኘ ሲባል ልብ ይነሣሣል። እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ ቀብድ ለመክፈል ከመሮጥ በፊት የሚጠየቅ ነገር አለ።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ሌባ አይደለም፤ ስለ ወረቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የሱዳን የስደተኞች ሕግ ስደተኛ መሬትም ሆነ ሌላ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይኖረው ይከለክል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በሌላ ሕግ ቢተካም፣ ስደተኛ በተመደበለት ስፍራ ይኑር የሚለው አሠራር አልቀረም፤ ከካምፕ ለመውጣትም ተስሪሕ ያስፈልጋል። በዚህ ምክንያት ወገኖቻችን ቤት ሲይዙ በሱዳናዊ ወዳጅ ስም ማድረግን እንደ መፍትሔ ሲቆጥሩት ኖረዋል። ወዳጁ ታማኝ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ወዳጅ ይሞታል፣ ልጆቹ ይወርሳሉ፣ ወይም እሱ ራሱ በዕዳ ይያዛል፤ በዚያን ጊዜ ገንዘቡን የከፈለው ሰው በመዝገብ ላይ የለም። በእኛ አስተያየት በሌላ ሰው ስም ቤት ከመግዛት በጽሑፍ ውል ለሁለትና ለሦስት ዓመት መከራየት ይሻላል። ገዝቼ ልረፍ የሚል ሰው ሐሳባችን ላይጥመው ይችላል፤ ይሁንና ከመፈረሙ በፊት ጠበቃ ቢያማክር፣ ገንዘቡን ያዋጡትም ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው ስንት እንዳወጡ በምስክር ፊት ቢጽፉ ይበጃል።

የሚከራይም ቢሆን የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ማወቅ አለበት። በሱዳን ለዚህ የሚያገለግለው ሸሃደት በሕስ የሚባለው ከመሬት መዝገብ ቤት የሚወጣ ማስረጃ ነው። የባለቤቱን ስም፣ የቦታውን ቁጥርና ስፋት ያሳያል። የሚቀርበው ወረቀት አሮጌ ፎቶ ኮፒ ከሆነ አዲስ ይውጣ ማለት ነውር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣ ሕግ እስከዚያ ድረስ ያልተመዘገበውን መሬት ሁሉ የመንግሥት አደረገው፤ ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1984 ቢሻርም አሠራሩ ቀጠለ። ስለዚህ በከተማው ዳር ያለ ፕላን በተሠሩት ሰፈሮች ቤቱ የሰው፣ መሬቱ ግን የመንግሥት ሆኖ ይገኛል። ይህ ምን እንደሚያስከትል የካርቱም ተፈናቃዮች ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤታቸው እየፈረሰ ወደ ማዮ፣ ወደ ጀበል አውሊያና ወደ ኦምዱርማን ሰላም ተወስደዋል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2005 ደግሞ በሶባ አራዲ ነዋሪዎችን ለማንሣት ፖሊስ በገባ ጊዜ ከሁለቱም ወገን ሰው ሞቷል። አጥሩ የቱንም ያህል ከፍ ቢል፣ ቡልዶዘር የሚጠብቀው ሰፈር ደኅና ሰፈር ሊባል አይችልም።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ውኃ ነው። ካርቱም በረሃ ናት ስለሚባል ከደጋ የመጣ ሰው ጎርፍ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ አይታየውም። ጎርፉ ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የወንዝ ነው፤ ዓባይ የአገራችንን የክረምት ዝናብ ተሸክሞ ይወርድና በነሐሴ መጨረሻ ግድም ካርቱም ላይ ይሞላል። (በስደትም ተከትሎን የሚመጣው ይኸው ውኃ ነው።) የቱቲ ደሴትና የወንዙ ዳር ሰፈሮች ይህን ከጥንት ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2020 ሙላቱ እጅግ ከፍ ብሎ መንግሥት በመላ አገሪቱ የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከ ማወጅ ደርሷል።

ሁለተኛው ከሰማይ የሚወርደው ሲሆን፣ ከወንዝ በሩቅ ያለውንም አይምርም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 4 እና 5 ቀን 1988 በካርቱም ላይ ወደ 200 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ወረደ። ከተማዋ ብዙውን ጊዜ በዓመት የምታገኘው ከዚህ ያነሰ ነው። መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ውኃው መሄጃ አጣ፤ መቶ ሺዎችም ያለ መጠለያ ቀሩ። በብዛት የፈረሱት ጃሉስ የሚባሉት፣ ጭቃ በጭቃ ላይ እየተደረበ የሚሠሩት ቤቶች ነበሩ። የጃሉስ ግድግዳ በበጋ ቀዝቃዛና ምቹ ነው፤ ሥሩ ለአንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ ከቆመ ግን ከነጣሪያው ሰው ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ ቤቱን ለማየት ስትሄዱ ከጣሪያው ይልቅ የግድግዳውን ሥር ተመልከቱ። ልስኑ ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ ከተላጠ፣ ወይም ቀለሙ በአንድ መስመር ከተለወጠ፣ ውኃ ቆሞበት ነበር ማለት ነው። ጎረቤቶቹ በየበራቸው ደፍ ላይ ጡብ ደርድረው ከፍ አድርገው ከሆነ ያለ ምክንያት አላደረጉትም። የመንገዱ ዳር ቦይ በፌስታልና በአፈር ተደፍኖ እንደሆነ እዩ። መጸዳጃው ጉድጓድ ከሆነ ደግሞ በክረምት ሞልቶ የመጠጥ ውኃ እንዳይበክል ከውኃው ምን ያህል እንደሚርቅ ጠይቁ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 በካርቱም ክፍለ ግዛት በተለይም በኦምዱርማን ኮሌራ ብዙ ሰው የገደለው የውኃ ጣቢያዎች ሥራ ካቆሙ በኋላ ነው። ከተቻለ አንድ ዝናብ በዘነበ ማግስት ሂዱ። ደላላው በዚያን ቀን መንገዱ ጭቃ ነው፣ ሌላ ቀን ይሁን ቢላችሁ፣ በትክክል የምትፈልጉት ያን ቀን ነው።

ሦስተኛው ስለ ሰው ነው። አንድን ሰፈር በጠዋት ብቻ አይቶ ደኅና ነው ማለት አይቻልም። በጠዋት፣ ሙቀቱ ሰውን ቤት በሚያስገባበት ከቀትር በኋላ፣ ከዚያም ከኢሻ ጸሎት በኋላ ሦስት ጊዜ መሄድ ያስፈልጋል። ከአውቶቡስ መውረጃ እስከ ቤቱ በር ያለውን መንገድ በእግራችሁ ሂዱበት፤ እኅቶቻችን ከሥራ ማታ የሚመለሱበት መንገድ እርሱ ነውና። መብራት ሲጠፋ መንገዱ ምን እንደሚመስል ደላላውን ሳይሆን እዚያው የሚኖሩ ሴቶችን ጠይቁ። የዱካን ባለቤትም ጥሩ ምስክር ነው፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ያለፈው ተከራይ ስለምን ለቀቀ የሚለውን ያውቃል። አፈሳ በየትኛው መንገድ እንደሚበዛም ወገኖቻችን እርስ በርስ ይነጋገሩበታልና ጠይቁ፤ መታወቂያና ተስሪሕ የሌለው ሰው ዋና መንገድ ዳር ካለው ቤት ይልቅ ገባ ያለውን ቢመርጥ አይፈረድበትም።

በሱዳን ሰፈሮች ለመንገደኛ ውኃ የሚቀመጥበት ዚር በየበሩ ይታያል። ዚሩ ተሞልቶና ተከድኖ ካያችሁ፣ በዚያ መንገድ ላይ ስለ ማያውቀው ሰው የሚያስብ ጎረቤት አለ። በር አንኳኩታችሁ ሰላም በሉ። ሱዳኖች እንግዳን ሻይ ሳያጠጡ አይሸኙም፤ በሻይ መካከል የሚሰማው ነገር ደግሞ ከደላላ አፍ አይገኝም።

ከጦርነቱ ወዲህ የተጨመረ ሌላ ጥያቄ አለ። ተዋጊዎች የሰፈሩበት ወይም ውጊያ የተደረገበት ግቢ ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ ሊኖርበት ይችላል፤ በፍርስራሽ ሥር፣ በመጸዳጃ ጉድጓድ ወይም በተዘጋ ክፍል ውስጥ። እንግዳ ብረት ያየ ሰው አይንካው፣ አይጣለው፣ አያቃጥለውም፤ በመጣበት ዱካ ተመልሶ፣ ከሩቅ ምልክት አድርጎ ለፖሊስ ወይም ለፈንጂ አጽጂዎች ይናገር። አከራዩ ግቢው ተጠርጓል ካለ፣ ማን እንደጠረገውና መቼ እንደሆነ ይጠየቅ። ይህ እስኪረጋገጥ ድረስ ልጆች ወደ ግቢው አይግቡ።