እግራቸውን ያጠብኋቸው እናት

ይህን ትምህርት ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም። በደብረ ኤልያስ አካባቢ ይኖሩ ከነበሩ አንዲት እናት ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ እኔ እማማ እላቸው ነበር። ለብዙ ዓመታት በሽተኛዬ ነበሩ፤ አሁን ዐርፈዋል።

መጀመሪያ የመጡ ዕለት እግራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው ከሰው ሁሉ ኋላ ተቀመጡ። ተራቸው ደርሶ ሲገልጡት ሽታው መጣና ፊቴን ዘወር አደረግሁ። ለቅጽበት ነበር፤ እሳቸው ግን አዩኝ። «አይዞሽ ልጄ፣ የወለድኋቸውም እንዲሁ ያደርጋሉ» አሉኝ። ነርስ ነኝ፤ ያጽናናችኝ ግን በሽተኛዬ ናት። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሕመማቸው ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት ነው። አንዳንዱ ርግማን ነው ይላል፤ ሌላው ይተላለፋል ብሎ ይሸሻል። በዚህ ምክንያት የሴት ልጃቸው እጮኛ ቀርቷል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ያጠኑት እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ መነሻው አፈር መሆኑን አሳይተዋል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር፣ ዝናብ በሚበዛበት ደጋና ወይና ደጋ፣ በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጥ ደቃቅ ቅንጣቶቹ በቆዳ ሰርገው ይገባሉ። የሊምፍ ፈሳሽ የሚያልፍባቸውን ቀጫጭን ሥሮች ይጎዳሉ፤ እግሩም ያብጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በአንድ ቤት የሚደጋገመው በአፈሩ የመጎዳት ዝንባሌ በዘር ስለሚወረስ፣ ቤተሰቡም በአንድ ማሳ ስለሚውል ነው። በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች መካከል ከመቶ 3.3 የሚሆኑት ሕመሙ እንዳለባቸው አመልክቷል። ከሠላሳ ሰው አንዱ ማለት ነው። እስቲ በጉባኤያችሁ የተቀመጡትን ቁጠሩ።

ሕክምናው ቀላል ነው፤ ግን የየዕለት ሥራ ነው። እግርን በሳሙና ማጠብ፣ ጥቂት በረኪና በገባበት ውሃ መዘፍዘፍ፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ፣ ሲያርፉም እግርን ከፍ ማድረግ። በአነደድ ወረዳ 696 ሕሙማን የተካፈሉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ይህ እንክብካቤ ትኩሳት ያለበትን ድንገተኛ የሕመም መነሣት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጨርሶ ግን አያስቀረውም።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ ጫማ አድሎ፣ ፎቶግራፍ አንስቶ መመለስ ይቀለናል። ለእማማ የተሰጣቸው ጫማ እግራቸውን አላስገባም፤ በልካቸው እስኪሰፋላቸው ድረስ አልጋ ሥር ተቀመጠ። «አንድ ሳፋ ውሃ ለእግሬ ካዋልሁ ለወጡ ምን ይተርፈኛል?» ሲሉኝም ምንጩ ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ ጠይቄ እንደማላውቅ ገባኝ። ከዚያ በኋላ ከልጅ ልጃቸው ጋር ተነጋግረን በየማታው አንድ እንስራ ትጨምር ጀመር።

በአገራችን ማታ የደረሰ እንግዳ እግሩ ይታጠባል። እማማ በዕድሜያቸው የስንቱን መንገደኛ እግር አጥበዋል! የእሳቸውን ግን የሚነካ አልነበረም። ሳፋውን አቅርቤ ዝቅ ስል «አይሆንም፣ አይገባም» ብለው እግራቸውን ሳቡ። ጴጥሮስም እንዲሁ ብሎ ነበር። ዮሐንስ ምዕራፍ 13ን ስናጠና ሁልጊዜ ስለሚያጥበው እንናገራለን፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ስለሚታጠበው ሰው አስባለሁ። መታጠብም ይከብዳል። ብዙ ከተለመኑ በኋላ ፈቀዱ፤ ዕንባቸውም ሳፋው ውስጥ ይወርድ ነበር።

ቁስሉ ቀስ በቀስ ደረቀ፣ ሽታው ጠፋ። እብጠቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ለዓመታት ቀርተውበት ወደነበረው ማኅበራቸው ተመለሱ፤ ከመሐል እንዳስቀመጧቸው ሲነግሩኝ እንደ ልጅ ይስቁ ነበር።

ያረፉት በእርጅና ነው። ለቅሶ ስደርስ ሳፋው ታጥቦ ደጃፍ ላይ ተደፍቶ አየሁት። ከሴቶቹ መካከል እግሯን ከቀሚሷ ሥር ሰብስባ የተቀመጠች ጎረቤት ነበረች። ሰው ሲቀንስ ጠጋ ብላ፣ «ያን ሳፋ የሚወስደው አለ?» አለችኝ።

የልጅ ልጃቸውን ጠራኋት። ሳፋውን አንሥታ ሰጠቻት፤ እኔም ዓርብ እንድትመጣ ነገርኋት።