መስኮቱ ክፍት፣ አጎበሩ የተዘረጋ

መተማ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ወቅት አለ። ያን ጊዜ በአንድ ክፍል ተፋፍገው የሚያድሩ እስረኞች እንዴት እንደሚጨነቁ መገመት አይከብድም። በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው በምን እንደሚሻገር ግን ለይቶ ማወቅ ይጠይቃል፤ ሁሉም በአንድ መንገድ አይሄድምና።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የሳንባ ነቀርሳ ነው። ታማሚው ሲያስል የሚወጡት ደቃቅ ነጠብጣቦች አየር ላይ ለሰዓታት ይንሳፈፋሉ። አብሮ መብላት ወይም በአንድ ኩባያ መጠጣት አያስይዝም፤ የሚያስይዘው ያንኑ አየር ሲተነፍሱ ማደር ነው። በጎንደር ማረሚያ ቤት ተደርጎ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ሳል ካለባቸው 250 እስረኞች 26ቱ ላይ ነቀርሳ አግኝቷል። ባይመረመሩ ኖሮ አጠገባቸው የሚተኙት ምን ይሆኑ ነበር?

የመጀመሪያው መከላከያ ትይዩ መስኮት ነው፤ አየሩ ባንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ቆላው ግን የራሱ ፈተና አለው። መስኮት ሲከፈት የወባ ትንኝ ይገባል፤ በዚህ የተማረረ እስረኛ መስኮቱን በጨርቅ ቢወትፍ አይፈረድበትም። ከወባ እሸሻለሁ ብሎ ነቀርሳን አፍኖ ያድራል። ወንፊት መምታት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ካላዛር የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የትንኝ ሲሶ ስለምታክል በተራው ወንፊት ታልፋለች። ስለዚህ መስኮቱ ክፍት ይደር፣ በመድኃኒት የተነከረ አጎበርም ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረ ገመድ ይሰቀል። መጨናነቁ ካልቀነሰ ግን ይህም አይበቃም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ስጋት ከ4,000 በላይ እስረኞች በይቅርታ የተፈቱት ለዚሁ ነበር።

ቅማል ደግሞ ሌላ መንገድ ነው። ግርሻ የሚባለው ተመላልሶ የሚመጣ ትኩሳት በእርሱ ይተላለፋል። የልብስ ቅማል የሚኖረው ገላ ላይ ሳይሆን በስፌቱ እጥፋት ውስጥ ነው፤ የሚተኩስ ገላ ሲሞቀው ይሸሽና ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ጀርሙ የሚወጣው ቅማሉ ሲጨፈለቅ ስለሆነ፣ በጥፍር መግደል የለመድነው ዘዴ ራሱ በሽታውን በተቧጨረ ቆዳ ያስገባል። ልብሱን መቀቀል ይሻላል። የክፍሉ ካቦ፣ ማለትም የእስረኞቹ ተጠሪ፣ አዲስ ገቢ ሲመጣ መጀመሪያ ልብሱን ለቅቀላ ቢያስወጣ ትልቅ ሥራ ሠራ ማለት ነው።

ስለ ውኃ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ እዚያው መተማ አካባቢ፣ በኩመር የሱዳን ስደተኞች መጠለያ፣ ኮሌራ ተነስቶ ነበር። ሽንት ቤትና የመጠጥ ውኃ በተቀራረቡበት ግቢ ሁሉ ያው አደጋ አለ።

ትኩረት የሚያጣው የመፈቻ ቀን ነው። ሰሊጥ ለማጨድ የመጣ ሳሉግ (የቀን ሠራተኛ) ታስሮ፣ ነቀርሳ ተገኝቶበት፣ በሦስተኛ ወሩ ቢፈታ ሕክምናው ገና ግማሽ ላይ ነው፤ ሙሉው 6 ወር ነው። ቢያቋርጥ በሽታው ሊያገረሽና መድኃኒቱን ሊለምድ ይችላል። ስለዚህ ማረሚያ ቤቱ ከመፍቻ ወረቀቱ ጋር የሕክምና ካርዱንና መላኪያ ደብዳቤውን ይስጠው። ቤተሰብም ሊቀበለው ሲሄድ «መድኃኒትህን የት ነው የምትቀጥለው?» ብሎ ይጠይቀው፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ የሚሰጠው በነጻ ነው።