አራት ጥማድ መሬት፣ አንድ በሬ፦ የገበሬ ቤተሰብ «ራስን መቻል» እንዴት ይለካ?

አንድ የገበሬ ቤተሰብ «ራሱን ቻለ» የሚባለው ከማሳው የሚያገኘው እህል ከዓመት ዓመት ሲያደርሰው ነው። በጥር 1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራምም ተጠቃሚዎቹን «የሚያስመርቀው» ያለ ድጋፍ የአሥራ ሁለት ወር ቀለባቸውን ሲሸፍኑና መጠነኛ ችግርን ሲቋቋሙ እንደሆነ ደንግጓል። በተግባርም መሬትና እንስሳት ተቆጥረዋል። ቆጠራው ግን በየቤቱ ነው፤ እርሻው ደግሞ በየቤቱ አይታረስም።

በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የመሬት መለኪያው ስም ራሱ ይህን ይመሰክራል። ጥማድ ሁለት በሬዎች ተጠምደው በአንድ ቀን የሚያርሱት መሬት ሲሆን፣ በግምት ሩብ ሄክታር ይሆናል። መሬቱ በሁለት በሬ ይለካል፤ በርካታ ገበሬ ግን ያለው አንድ በሬ ነው፣ ጭራሹን የሌለውም አለ።

አምስት አባላት ያሉትንና አራት ጥማድ የጤፍ መሬት የያዘን ቤተሰብ እንውሰድ። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ግራም እህል ብንመድብ የዓመቱ ቀለብ 9 ኩንታል ነው። ለስሌት ያህል ምርቱን በሄክታር 15 ኩንታል አድርገን ለዘርና ለብክነት 2 ኩንታል ብንቀንስ፣ 13 ኩንታል ይቀራል። ቤተሰቡ ራሱን ችሏል፤ ትርፉም 4 ኩንታል ነው። (ይህ ትርፍ ለጨው፣ ለማዳበሪያ ዕዳና ለደብተር ሲባል ዋጋው በሚወርድበት በታኅሣሥና በጥር መሸጡ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።) ይኸው መሬት ባሏ የሞተባት እናት ቢሆንስ? እርፍ መጨበጥ በልማድ የወንድ ሥራ በመሆኑ፣ የሚያርስላት ልጅ ወይም ዘመድ ከሌላት ለእኩል ትሰጠዋለች። ዘሩን ሁለቱም ወገኖች እኩል ያወጣሉ ብንል ድርሻዋ 6.5 ኩንታል ነው። መሬቱም አፈሩም ዝናቡም ሳይለወጥ ከሦስት ወር በላይ ቀለብ ጎደላት።

ባለ አንድ በሬው ደግሞ መቀናጆ ይገባል፦ በሬውን ከጎረቤቱ በሬ ጋር አቀናጅቶ በተራ ያርሳል። ጤፍ ደጋግሞ መታረስን ስለሚሻ፣ በሐምሌ ተራው የዘገየበት ሰው ዘሩም ይዘገይበታል። ሆኖም መቀናጆን እንደ ድህነት ምልክት ብቻ መመልከት ስሕተት ይመስለኛል። በአንድ ሄክታር ጭድና በጠበበ ግጦሽ ሁለት በሬ ዓመቱን ሙሉ መቀለብ ከባድ ነው፤ ሁለተኛውን በሬ በብድር የገዛ ገበሬ በበጋው መልሶ ሊሸጠው ይችላል። አንዱን በሬ ከጎረቤት ጋር ማቀናጀት ለብዙዎች የተሻለው ስሌት ነው።

እንግዲህ የቤተሰብ ጥናት መጠይቆቻችን «ስንት በሬ አለዎት?» ብለው ባያበቁ መልካም ነው። «በሬዎ ከማን በሬ ጋር ይጠመዳል? ማንስ ቀድሞ ያርሳል?» የሚሉት ጥያቄዎች ቢታከሉ፣ በሰኔ አንድ በሬ ሲሞት ስንት ቤተሰብ ከእርሻ እንደሚስተጓጎል መቁጠር እንችላለን። አሁን ባለው ቅጽ የሚመዘገበው ጉዳት የአንድ ቤት ብቻ ነው።